የፖምፔይ ደረጃዎች

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19ን በቡድን ስናጠና ብዙ ጊዜ ሳንጠይቀው የምናልፈው ነገር አለ። ብር ሠሪው ድሜጥሮስ የሙያ ባልደረቦቹን ሰብስቦ የጳውሎስ ስብከት ገበያቸውን ሊዘጋው እንደሆነ ነግሮ ካነሣሣቸው በኋላ ከተማው በሙሉ ታወከ፤ ሕዝቡም ሁለቱን የጳውሎስ ባልንጀሮች፣ ጋይዮስንና አርስጥሮኮስን፣ ጎትቶ ሮጠ። ወዴት ሮጠ? ወደ ፍርድ ቤት አልሄደም፤ ወደ ገዢው ግቢ አልሄደም፤ ስሟን እየጠራ ወደሚጮህላት ወደ አርጤምስ ቤተ መቅደስ እንኳ አልሄደም። የሮጠው ወደ ቴአትር ነው። የተቆጣ ሕዝብ ቴአትር ቤት ምን ይሠራለታል?

በግሪክ ከተሞች ቴአትር ተውኔት የሚታይበት ስፍራ ብቻ አልነበረም፤ ዜጎች ተቀምጠው ስለ ከተማቸው የሚመክሩበት ሸንጎም ነበር። የኤፌሶኑ ቴአትር ከተራራ ጥግ ተደግፎ የተሠራ፣ ወደ 25,000 ሰው የሚይዝ ሲሆን ፍርስራሹ ዛሬም በቱርክ አገር ይታያል። ስለዚህ ሕዝቡ የሮጠው ወደ ሸንጎው ነው። የከተማይቱ ጸሐፊም ከሁለት ሰዓት ጩኸት በኋላ ሲናገር ቦታውን አልነቀፈም፤ የነቀፈው ስብሰባው ሕጋዊ አለመሆኑን ነው። ሁከት አስነሥታችኋል ተብለው እንዳይከሰሱም ፈርቷል። ጠያቂዋ ሮም ነበረች።

ሮም ደግሞ ከቴአትር ጋር የራሷ የሆነ ረጅም ጠብ ነበራት። በዚህ ጽሑፍ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚያ ጠብና ጠቡን ስላበቃው አንድ ትልቅ ሕንፃ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ «ዓ.ዓ.» ስል ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለቴ ነው።)

ሮማውያን በሕዝብ ስብሰባቸው ላይ የሚቆሙ እንጂ የሚቀመጡ ሰዎች አልነበሩም። ታዋቂው ጠበቃና የመንግሥት ሰው ሲሴሮ በአንድ የፍርድ ቤት ንግግሩ የግሪክ ከተሞችን ያጠፋቸው ሕዝቡ ቴአትር ውስጥ ተቀምጦ በስሜት የሚወስነው ውሳኔ እንደሆነ ይናገራል። ከእርሱ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ154 ዓ.ዓ. ገደማ፣ በሮም ከተማ የድንጋይ ቴአትር ሊሠራ ውል ተሰጥቶ ግንባታው ተጀምሮ ነበር። ሲፒዮ ናሲካ የተባለ ስመ ጥር ሴናተር ግን ተነሥቶ ይህ ነገር ጥቅም የለውም፣ የሕዝቡንም ግብረ ገብ ያበላሻል ብሎ ተከራከረ። ሴኔቱም ሰማው። የተጀመረው ሕንፃ ፈረሰ፤ ዕቃው በጨረታ ተሸጠ፤ ጭራሽም በከተማው ውስጥና ከከተማው አንድ ማይል ርቀት ድረስ ማንም ተቀምጦ ትርኢት እንዳያይ ተከለከለ።

ስለ ግብረ ገብ የተናገሩት ከልባቸው ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሌላም ፍርሃት እንደነበረ እጠረጥራለሁ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሲውል፣ ከፊት ለፊቱ ደግሞ ገዢዎቹን ቁልቁል ሲያይ፣ ብዛቱን ያውቃል። ቋሚ ወንበር ቋሚ ጉባኤ ይሆናል። ለዚህ ነው ሮም ለሌላ መቶ ዓመት ያህል በእንጨት ቴአትር የቆየችው። በዓል ሲደርስ ይሠራል፣ በዓሉ ሲያልፍ ይፈርሳል። ወጪው ግን የሚያስደነግጥ ነበር፤ ምክንያቱም በዓሉን የሚደግሰው ሹም ነገ ለሚበልጥ ሹመት ይወዳደራል፣ ሕዝቡም ደግሱን አይረሳም። በ58 ዓ.ዓ. ስካውሩስ የተባለ ሹም ለአንድ ወር እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ያሠራው ቴአትር 360 ዓምዶችና 3,000 የነሐስ ሐውልቶች እንደነበሩት ጸሐፊው ፕሊኒ ይነግረናል። ፕሊኒ ቁጥር ሲነሣ ለጋስ ሰው ስለሆነ ትንሽ ቀንሰን ብንቀበለውም ብዙ ነው።

ጠቡን ያበቃው ፖምፔይ ነው። ይህን ሰው ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ጎን ልናውቀው ይገባናል። በ106 ዓ.ዓ. ተወለደ፤ ገና በወጣትነቱ «ማግኑስ»፣ ማለትም «ታላቁ»፣ ተባለ፤ በ67 ዓ.ዓ. የሜዲትራኒያንን ባሕር ከወንበዴዎች አጸዳ። በ63 ዓ.ዓ. ደግሞ ኢየሩሳሌምን ያዘ። ሊቀ ካህናቱ ብቻ፣ ያውም በዓመት አንድ ቀን ወደሚገባበት ወደ ቅድስተ ቅዱሳን በእግሩ የገባው እርሱ ነው። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ እንደሚለው የመቅደሱን ሀብት አልነካም፤ በማግሥቱም መሥዋዕቱ እንዲቀጥል አዘዘ። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሁዳ በሮም እጅ ወደቀች። በወንጌል የምናገኛቸው ሄሮድስ፣ ጲላጦስ፣ ቀራጮቹና የመቶ አለቆቹ ሁሉ የመጡት በዚያ በተከፈተው በር ነው።

ፖምፔይ በ61 ዓ.ዓ. ሁለት ቀን የፈጀ የድል ሰልፍ አደረገ። ከምሥራቅ ሲመለስ ግን ሌላም ነገር በልቡ ይዞ ነበር። ፕሉታርክ እንደጻፈው በሌስቦስ ደሴት በሚጢሊኒ ከተማ ያየው ቴአትር በጣም ስለ ወደደው ንድፉን አስወስዶ ከዚያ የሚበልጥና የሚያምር በሮም ሊሠራ አሰበ። ሠራውም። በ55 ዓ.ዓ.፣ ለሁለተኛ ጊዜ የሮም ከፍተኛ ሹመት የሆነውን ቆንሱልነት በያዘበት ዓመት፣ የመጀመሪያው ቋሚ የድንጋይ ቴአትር በሮም ተመረቀ።

ቦታው ከጥንቱ የተቀደሰ የከተማ ድንበር ውጭ የሚገኘው «የማርስ ሜዳ» የሚባለው ስፍራ ነው። የግሪክ ቴአትር ተራራ ይደገፋል፤ ይህ ግን በሜዳ ላይ በድንጋይና በኮንክሪት ቅስቶች የቆመ ራሱን የቻለ ተራራ ነበር። የግማሽ ክቡ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 150 ሜትር ይሆናል። ፕሊኒ (ለጋሱ!) 40,000 ሰው ይይዛል ይላል፤ የዛሬ አጥኚዎች ከዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም ባዮች ናቸው። ከመድረኩ በስተ ኋላ ባለ ዓምድ መተላለፊያ የከበበው ሰፊ የአትክልት ስፍራ ተዘርግቷል፤ ዛፍ፣ ፏፏቴ፣ ሥዕልና ሐውልት ሞልቶታል። በአትክልቱ መጨረሻ ሴኔት ሊሰበሰብበት የሚችል አዳራሽ አለ። ይህን አዳራሽ አትርሱት፤ እንመለስበታለን።

ፖምፔይ የናሲካን ክልከላ እንዴት አለፈው? ታሪኩን በጥሩ ሁኔታ የነገረን ክርስቲያን ጸሐፊ ነው። በ200 ዓ.ም. ገደማ በካርቴጅ የነበረው ተርቱሊያን ስለ ትርኢቶች በጻፈው መጽሐፍ እንዲህ ሲል ያስረዳል፤ ፖምፔይ አንድ ቀን የግብረ ገብ ሹማምንት ተነሥተው ሥራውን እንዳያወግዙበት ስለ ፈራ ከመቀመጫዎቹ አናት ላይ ለቬኑስ አምላክ ቤተ መቅደስ ሠራ፤ ሕዝቡንም ሲጠራ ለቴአትር ምረቃ ሳይሆን ለመቅደስ ምረቃ ጠራ። እንግዲህ ወንበሮቹ ወንበር አይደሉም፤ ወደ መቅደሱ የሚያወጡ ደረጃዎች ናቸው! ሰው ደረጃ ላይ ቢቀመጥ ማን ይከለክለዋል?

ተርቱሊያን ይህን ያነሣው ክርስቲያኖች ወደ ትርኢት እንዳይሄዱ ለመከልከል ነው፤ ቴአትር የቬኑስ ቤት ነው ይላል። በየቤተ ክርስቲያናችን ድራማ ይሠራ አይሠራ የሚለው ክርክር ዛሬም ስለሚሰማ በዚያ አልገባም። ፖምፔይ ግን አምላኪ ስለነበረ መቅደሱን ሠራ ብሎ የሚያምን ቢኖር ተርቱሊያን እንዲህ በቀላሉ አልተታለለም።

ስለ መቅደሱ ምረቃ አንድ ሌላ ወግ አለ። በጽሕፈቱ ላይ የፖምፔይ ሦስተኛ ቆንሱልነት ሊጻፍ ሲል «ሦስተኛ» የሚለው የላቲን ቃል መጨረሻው በየትኛው ፊደል ይሁን የሚል ክርክር ተነሣ። ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ሲሴሮ ማንንም ላለማስቀየም የቃሉን የመጀመሪያ አራት ፊደሎች ብቻ ጽፋችሁ ተዉት ብሎ መከረ። ቅድስተ ቅዱሳን ለመግባት ያላመነታ ሰው በአንድ ፊደል ተቸገረ።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ከመድረኩ ፊት ያለው ዝቅተኛው ስፍራ የሴናተሮች ነው። ከኋላቸው ያሉት 14 ረድፎች በ67 ዓ.ዓ. በወጣ ሕግ «ፈረሰኞች» ለሚባሉት ባለጠጎች ተለይተዋል። ኋላ አውግስጦስ ቄሣር ሥርዓቱን ይበልጥ አጠበቀው፤ ወታደሩ ከሲቪሉ ተለየ፤ ያገቡ ወንዶች የራሳቸው ቦታ ተሰጣቸው፤ ልጆች ከሞግዚት መምህሮቻቸው አጠገብ ተቀመጡ፤ ሴቶች ወደ ላይኛው ጫፍ ወጡ። ሮምን ሳይጓዝ ማየት የፈለገ ሰው በዚህ ቴአትር በር ቆሞ አንድ ጊዜ ቀና ቢል ይበቃው ነበር። ማን ከማን እንደሚበልጥ በድንጋይ ተጽፏል።

ነገር ግን ግማሽ ክብ ያለው አንድ ጠባይ አለ፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ያያል። ገዢው ተቀምጦ ሲመለከት ሕዝቡም እርሱን ይመለከታል። ሲገባ ይጨበጨብለታል ወይም ዝም ይባላል፤ አንዳንዴም ይፏጭበታል። ሲሴሮ በ56 ዓ.ዓ. ባደረገው አንድ ንግግር የሮም ሕዝብ ልቡን የሚገልጥበት ሦስት ስፍራ አለ ይላል፤ የንግግር ስብሰባ፣ ምርጫና ትርኢት። ትርኢትን ከምርጫ እኩል አስቀመጠው።

ፖምፔይ ይህን አያውቅም ነበር ለማለት ያስቸግራል። ገና ቴአትሩን ሳይሠራ፣ በ59 ዓ.ዓ. በአፖሎ በዓል፣ ዲፊሉስ የተባለ ተዋናይ ከአንድ አሳዛኝ ተውኔት አንድ መስመር ይናገራል፤ በእኛ መከራ አንተ ታላቅ ሆንህ የሚል ሐሳብ ያለው ነው። ደራሲው ስለ ፖምፔይ ምንም አላሰበም። ሕዝቡ ግን «ታላቁ» የሚለው ስም የማን እንደሆነ ያውቃል። ደግመው! ደግመው! ተባለ፤ ተዋናዩ ያቺን መስመር ደጋግሞ እንዲናገራት ተገደደ። በዚያው በዓል ዩልዮስ ቄሣር ሲገባ ጭብጨባው ሞተ፤ ከእርሱ ቀጥሎ የእርሱ ተቃዋሚ የነበረው ወጣቱ ኩሪዮ ሲገባ ግን ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ይህን ሁሉ ሲሴሮ ለወዳጁ በደብዳቤ ጽፎለታል። ማንም ሰው ንግግር አላደረገም፤ ማንም በአደባባይ አልተቃወመም፤ ሊታሰር የሚችል ሰው አልነበረም። ነገሩ ግን ተነግሯል።

የ55 ዓ.ዓ. ምረቃም ቢሆን ፖምፔይ እንዳሰበው አልሆነለትም። በአንዱ ተውኔት 600 በቅሎዎች መድረክ ላይ ወጡ፤ በሌላው 3,000 የወይን ማደባለቂያ ጋኖች ታዩ። ሲሴሮ ከበዓሉ ለቀረ ወዳጁ ሲጽፍ በዚህ ሁሉ ግርግር ተውኔቱ ጠፋ፣ ምንም አላመለጠህም ይለዋል። ለክብር የተጋበዘው አንጋፋው ተዋናይ ኤሶጶስ እንኳ ልክ በቁም ነገሩ ላይ ሲደርስ ድምፁ ከዳው። ከዚያ በከተማው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ለአምስት ቀን የአውሬ አደን ሆነ። በመጨረሻው ቀን ወደ ሃያ የሚሆኑ ዝሆኖች ገቡ። ፕሊኒ እንደሚለው እንስሶቹ የብረቱን አጥር ጥሰው ሊወጡ ሞከሩ፤ ተስፋ ሲቆርጡም የሚለምን በሚመስል ሁኔታ ወደ ሕዝቡ እያዩ ጮኹ። ሕዝቡ ብድግ ብሎ እያለቀሰ ደጋሹን ረገመ። ሲሴሮም ተመልካቹ ያ እንስሳ ከሰው ጋር አንዳች ዝምድና ያለው ሆኖ እንደተሰማው ጽፏል። ይህን ያህል ወርቅ የፈሰሰበት ደግስ በእርግማን አለቀ።

ፖምፔይ ግን እስከ መጨረሻው ያንን ጭብጨባ ሲናፍቅ ኖረ። በ48 ዓ.ዓ. ከዩልዮስ ቄሣር ጋር በፋርሳሉስ ከመዋጋቱ በፊት ባለው ሌሊት ሕልም አየ ይላል ፕሉታርክ፤ ወደ ቴአትሩ ሲገባ ሕዝቡ ሲያጨበጭብለት፣ እርሱም የቬኑስን መቅደስ በምርኮ ሲያስጌጥ። ሕልሙ ደስም አሰኘው፣ አስጨነቀውም፤ የቄሣር ቤተሰብ ዘሩን ከቬኑስ ይቆጥር ነበርና። በማግሥቱ ተሸነፈ። ወደ ግብፅ ሸሸ፤ እዚያም ከጀልባ ሊወርድ ሲል በባሕሩ ዳር ተገደለ።

ከአራት ዓመት በኋላ ያ አትርሱት ያልኋችሁ አዳራሽ ተከፈተ። የሴኔቱ የቀድሞ ቤት በ52 ዓ.ዓ. በሁከት ተቃጥሎ ገና እየተሠራ ስለነበር መጋቢት 15 ቀን 44 ዓ.ዓ. ሴናተሮቹ በፖምፔይ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ቄሣር በ23 ቁስል ወደቀ፤ የወደቀውም ከፖምፔይ ሐውልት እግር ሥር ነው። በዚያው ሰዓት በቴአትሩ ትርኢት ነበረ። ከሤረኞቹ አንዱ የሆነው ዴሲሙስ ብሩቱስ ለትርኢት የመጡ የሚመስሉ ግላዲያተሮቹን በዚያ አዘጋጅቶ አቆይቷል። ጩኸቱ ሲሰማ ተመልካቹ በድንጋጤ እየተጋፋ ወጣ። ገዳዮቹ ነጻነት ሰጠናችሁ ብለው ሲወጡ የጠበቁት ጭብጨባ ነበር። ያገኙት የተዘጋ በር ነው።

አውግስጦስ ከሁሉም ብልህ ነበር። ቄሣር የተገደለበትን አዳራሽ በግንብ ዘጋው፤ የፖምፔይን ሐውልት አውጥቶ ከቴአትሩ በር ፊት ለፊት አቆመው፤ ቴአትሩን በብዙ ወጪ አደሰ፤ ስሙን ግን አልጻፈበትም። ስሙን አለመጻፉን ግን በራሱ የሥራ ዝርዝር ላይ ጽፎ አስቀረልን!

በዚህ ጊዜ በማርስ ሜዳ ላይ እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ አንድ ልውውጥ ተደረገ። ከቴአትሩ ጥቂት እርምጃ ርቆ ሕዝቡ ድምፅ የሚሰጥበት ሰፊና በእምነ በረድ ያጌጠ ግቢ ነበር፤ ቄሣር ጀምሮት በ26 ዓ.ዓ. ተጠናቀቀ። እንዲህ ያማረ የምርጫ ስፍራ ሮም አይታ አታውቅም። ግን ምርጫው ራሱ ትርጉም እያጣ ሄደ፤ በ14 ዓ.ም. ጢባርዮስ ሲነግሥ የሹማምንቱ ምርጫ ከሕዝብ እጅ ወጥቶ ለሴኔት ተሰጠ። የምርጫው ግቢ የትርኢት ሜዳ ሆነ። ሕዝቡ ታዲያ ሐሳቡን የት ይናገር? ከሲሴሮ ሦስት ስፍራዎች የቀረው አንዱ ብቻ ነው። ተቀምጦ እንዲያጨበጭብ የተሠራለት ወንበር ብቸኛ የድምፅ መስጫው ሆነ።

ተጠቀመበትም። ጢባርዮስ አንድ ተወዳጅ የግሪክ ሐውልት ከሕዝብ መታጠቢያ አስነሥቶ ወደ መኝታ ቤቱ ሲወስድ ሕዝቡ በቴአትር መልሱልን እያለ ስለ ጮኸ ንጉሠ ነገሥቱ መለሰው። በ32 ዓ.ም. እህል ሲወደድ ደግሞ ለብዙ ቀናት በቴአትር ከልማድ ያለፈ ድፍረት የተሞላበት ጩኸት ተሰማ፤ ነገሩ ወደ ዓመፅ ሊደርስ ተቃርቦ ነበር። ጢባርዮስ ሹማምንቱንና ሴኔቱን ሕዝቡን ባለመገሠጻቸው ወቀሰ፤ እህል ከየትኞቹ አገሮች እንደሚያስመጣና ከአውግስጦስ ዘመን ይልቅ ምን ያህል እንደሚበልጥ ዘርዝሮ መልስ ሰጠ። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ ኃይለኛ የሆነው ሰው ስለ እህል ዋጋ ተጠየቀ፤ የጠየቁትም በቴአትር ወንበር ላይ የተቀመጡ ስም የለሽ ሰዎች ናቸው።

ገዢዎቹም ስፍራውን አልተዉትም። በ22 ዓ.ም. የፖምፔይ ቴአትር ተቃጠለ። ጢባርዮስ ላሠራው አለ፤ ሴኔቱ ደግሞ እሳቱ እንዳይዛመት አድርጓል በማለት ለንጉሡ የቅርብ ሰው ለሴጃኑስ በቴአትሩ ውስጥ ሐውልት እንዲቆምለት ወሰነ። የታሪክ ጸሐፊው ክሬሙቲዩስ ኮርዱስ ይህን ሲሰማ ቴአትሩ በእውነት የጠፋው አሁን ነው አለ። ለዚህች ንግግር ሴጃኑስ ቂም ያዘ። በ25 ዓ.ም. ኮርዱስ በጻፈው ታሪክ ተከሰሰ፤ ምግብ ትቶ በረሃብ ሞተ፤ መጻሕፍቱም እንዲቃጠሉ ታዘዘ። ልጁ ማርሲያ ግን ቅጂዎቹን ደበቀች፤ ኋላም በሌላ ንጉሥ ዘመን ታተሙ ማለት ባይቻልም እንደገና ተገልብጠው ወጡ። የሴጃኑስ ሐውልቶች በ31 ዓ.ም. እርሱ በተገደለ ጊዜ ተሰባበሩ።

በ58 ዓ.ም. ደግሞ፣ በኔሮን ዘመን፣ ሁለት እንግዶች ወደዚህ ቴአትር ገቡ። ቬሪቱስና ማሎሪክስ ይባላሉ፤ ዛሬ ኔዘርላንድ በምትባለው አገር የባሕር ዳር የሚኖሩ የፍሪዚያውያን አለቆች ናቸው። ሕዝባቸው በራይን ወንዝ አጠገብ ለሮም ወታደሮች የተከለለ ባዶ መሬት ላይ ሰፍሮ እርሻ ጀምሯል፤ ልቀቁ ሲባል አለቆቹ ንጉሡን ሊለምኑ መጡ። ኔሮን ሥራ ስለበዛበት አስጠበቃቸው። እስከዚያው የሮምን ብዛት እንዲያዩ ወደ ፖምፔይ ቴአትር ተወሰዱ። ታሲተስ እንደጻፈው ተውኔቱ አልገባቸውም፤ ስለዚህ ስለ አቀማመጡ ይጠይቁ ጀመር። ሴናተሮቹ የት ናቸው? ፈረሰኞቹስ? ከሴናተሮቹ መካከል ደግሞ የባዕድ አገር ልብስ የለበሱ ሰዎች አዩና እነዚያ እነማን ናቸው አሉ። በጀግንነታቸውና ለሮም ባላቸው ወዳጅነት የሚበልጡ ሕዝቦች መልእክተኞች በዚያ እንዲቀመጡ ይከበራሉ ተባሉ። ሁለቱ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በጦርም በታማኝነትም ከጀርመኖች የሚበልጥ የለም አሉና ረድፉን አቋርጠው ወርደው ከሴናተሮቹ መካከል ተቀመጡ። ተመልካቹ ወደደላቸው። ኔሮንም ለሁለቱም የሮም ዜግነት ሰጣቸው። ከዚያ ፍሪዚያውያን መሬቱን ለቀው እንዲወጡ አዘዘ፤ እምቢ ሲሉ ፈረሰኛ ጦር ላከባቸው፤ የተቋቋሙት ተገደሉ ወይም ተማረኩ። ወንበሩን አገኙ፤ መሬቱን አላገኙም።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ66 ዓ.ም.፣ የአርመንያው ንጉሥ ቲሪዳቴስ ዘውዱን ከኔሮን እጅ ሊቀበል ሮም መጣ። ለዚያ አንድ ቀን የፖምፔይ ቴአትር ውስጡ በወርቅ ተለበጠ። ከላይ የፀሐይ መከላከያው ሐምራዊ ጨርቅ ሲሆን በመካከሉ ኔሮን ሠረገላ ሲነዳ፣ በዙሪያውም የወርቅ ከዋክብት ተጠልፈውበታል። ሕዝቡ ዕለቱን ወርቃማው ቀን አለው።

በፍሪዚያውያኑና በወርቃማው ቀን መካከል ባሉት ዓመታት ሐዋርያው ጳውሎስ በሰንሰለት ታስሮ ሮም ገብቷል። ቴአትሩን ይየው አይየው መጽሐፍ ቅዱስ አይነግረንም። ስለ ቴአትር ምን እንዳሰበ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ያውም ከኤፌሶን በጻፈው ደብዳቤ ላይ እናገኛለን። በ1ኛ ቆሮንቶስ 4፥9 ሐዋርያት ሞት እንደተፈረደባቸው ሰዎች ከሁሉ ኋላ የቀረቡ፣ ለዓለምና ለመላእክት ለሰዎችም የሚታዩ መሆናቸውን ሲናገር የተጠቀመበት የግሪክ ቃል «ቴአትሮን» ነው። በዚያ ሕንፃ ሁሉም ሰው የሚሻለውን ረድፍ ይፈልጋል። ጳውሎስ ራሱን ያስቀመጠው በየትኛውም ረድፍ አይደለም፤ ከታች፣ በሚታዩት መካከል ነው።

የፖምፔይ ቴአትር ዛሬ የለም። ሮም ሄዶ «ቪያ ዲ ግሮታ ፒንታ» በምትባል ጠባብ መንገድ የሚያልፍ ሰው ግን ቤቶቹ በግማሽ ክብ ቅርጽ ታጥፈው ያያል፤ በጥንቶቹ መቀመጫዎች መሠረት ላይ ስለ ተሠሩ ነው። ከአንዳንዶቹ ምግብ ቤቶች ምድር ቤት የፖምፔይ ግድግዳ አለ።

ሮማውያን ቴአትርን በሄዱበት ሁሉ ተከሉት፤ እነርሱን የሚያስደስቱ ነገሥታትም ተከሉላቸው። ታላቁ ሄሮድስ በቂሣርያ ከባሕሩ ፊት ለፊት አንድ ሠራ። በ44 ዓ.ም. የልጅ ልጁ ሄሮድስ አግሪጳ በዚያ የሆነውን ከሐዋርያት ሥራ 12 እናውቃለን፤ ዮሴፈስ ደግሞ ቦታው ቴአትሩ እንደነበረ፣ ንጉሡም ከብር የተሠራ ልብስ ለብሶ በማለዳ ሲገባ ፀሐይዋ ልብሱ ላይ እንዳንጸባረቀች ይጨምርልናል። ሕዝቡ የአምላክ ድምፅ ነው ብሎ ጮኸ፤ ንጉሡም አልከለከለም፤ በቀናት ውስጥ ሞተ። ስለ ንጉሡ ትዕቢት ብዙ ስብከት ሰምተናል። ስለ ጯኺዎቹ ግን ሉቃስ በቁጥር 20 ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጎ ያልፋል፤ የጢሮስና የሲዶና ሰዎች ንጉሡ ተቆጥቷቸው ነበር፣ አገራቸውም የሚመገበው ከንጉሡ አገር ነበር። ዕርቅ ሊለምኑ የመጡት ለዚህ ነው። የሮም ሕዝብ በ32 ዓ.ም. ስለ እህል በቴአትር ተቆጣ፤ በቂሣርያ ደግሞ እህል የሚሹ ሰዎች ባሉበት ቴአትር ንጉሥ አምላክ ተባለ።

በዚያው በቂሣርያ ቴአትር በ1961 ጣሊያናውያን የከርሰ ምድር አጥኚዎች ፍርስራሹን ሲያጸዱ የተቀረጸ ድንጋይ አገኙ። ጽሑፉ ግማሹ ጠፍቷል፤ የቀረው ግን የጢባርዮስን ስም የያዘ ሕንፃና የይሁዳ ገዢ የነበረውን የጴንጤናዊው ጲላጦስን ስም ይጠቅሳል። የጲላጦስ ስም በድንጋይ ላይ ተጽፎ ሲገኝ የመጀመሪያው ነው። ድንጋዩ በመጀመሪያ የቆመው ገዢው ለንጉሠ ነገሥቱ ክብር ባሠራው ሕንፃ ላይ ነበር። ያ ሕንፃ ከጠፋ በኋላ ቴአትሩ ሲታደስ ሠራተኞቹ አንሥተው ለደረጃ ተጠቀሙበት፤ ለስንት መቶ ዓመት ትርኢት ሊያይ የሚወጣው ሰው ሁሉ እየረገጠው አልፏል።